ስለ ቡኒው የሽጉጥ አፎትዎ እና ስለ ቃለ ጉባኤው ተራ ቁጥር አራት

ይድረስ፦ ለክቡር አቶ አምሃ፣ የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ የእድሩ የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ፣ የማናቸውም ስብሰባ የመክፈቻም የመዝጊያም ንግግር አቅራቢ፣ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ደግሞ በገዛ ፈቃድዎ ታጣቂ

ከ፦ የሻሽወርቅ፣ የእድሩ አባል

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፤ መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። ከሁሉም በላይ የወገብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ የመቶ አርባ አባወራ ሰላም በእርስዎ ወገብ ላይ ከተንጠለጠለ ወራት አልፈዋልና፣ ወገብዎ ደህና ካልሆነ እኛም ደህና አይደለንም። እኔ በበኩሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ምግብ አይበላልኝም፣ ጥርሴን ከማፋጨት ብዛት መንጋጋዬን ያመኛል፣ ስምዎ በተነሣ ቁጥር ደሜ ይፈላል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤውን ለእድሩ አባላት ሁሉ ግልጽ ያደረግሁት ከድፍረት ሳይሆን ከልምድ ተምሬ ነው፤ ባለፈው ጊዜ ለእርስዎ ብቻ ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት ምን እንዳደረጉበት ከታች እገልጻለሁ። ለማያውቁኝ አባላት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በታጣቂ የጥበቃ ሠራተኛነት የሠራሁ ነኝ። ሆቴል በር ላይ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ የቢሮ ሕንፃ ሎቢ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቄ ቆሜያለሁ፤ ሰካራም ገፍትሮኛል፣ በረዶ አንሸራቶኛል፣ አንዴም ደረጃ ላይ በአፍጢሜ ተደፍቻለሁ፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሽጉጤ አንድም ቀን እኔ ሳላዘው ከአፎቱ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ለመመጻደቅም ነው።

በዚህ ሥራዬ ላይ ስድስት ዓመት ለፍቼ፣ ተፈትኜ፣ እንደገና ተፈትኜ፣ በመጪው ሚያዝያ አዲስ የሚቀጠሩትን ጥበቃዎች የጦር መሣሪያ አያያዝ እንዳስተምር ተመርጬ ነበር። ከሴቶች የመጀመሪያዋ፣ ከሀበሻም የመጀመሪያዋ ልሆን ነበር። ይህንን ከእጄ ያስወጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ቅሬታዬን እንደ ሕጉና እንደ ደንቡ በቁጥር ለይቼ ከእግርዎ ሥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ጥቅምት በምንሰበሰብበት አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ የሁለት አባላት መኪና መስታወት ተሰብሮ ሲገኝ፣ ኮሚቴው የጠየቀው አንድ ተጨማሪ መብራት ነበር፤ እርስዎ ግን በመብራቱ ፈንታ ራስዎን ጨመሩልን። ቨርጂኒያ ሽጉጥን ሰው እያየው ታጥቆ መሄድን እንደምትፈቅድ ከአንድ የታክሲ ባልደረባዎ ሰምተው፣ በዚያው ሳምንት ኮል አደረጉልኝና «የሻሽዬ፣ መቼም ሙያሽ ነው፣ ጥሩ አፎት ምረጪልኝ» አሉኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በእድራችን ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእኔ የተፈለገው ሙያ ሽንኩርት መላጥ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በዕረፍት ቀኔ ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ በእጄ ጻፍኩልዎት። አፎቱ እርስዎ ለያዙት ሽጉጥ ልክ የተሠራ እንጂ ለሁሉም ይሆናል የተባለ እንዳይሆን፤ ቃታውን ጨርሶ የሚሸፍን፣ ጠንካራ፣ ሽጉጡ ቢወጣም አፉ የማይጨማደድ እንዲሆን፤ ሽጉጡን ሰው ሁሉ ስለሚያየው ከኋላ የሚመጣ እጅ መንጭቆ እንዳይወስደው፣ የታጠቀው ሰው ራሱ በአውራ ጣቱ ካልተጫነው የማይለቅ መቆለፊያ፣ ቢቻል ሁለት፣ እንዲኖረው፤ የሚታሰርበትም ቀበቶ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ቀበቶ እንጂ የሙሽራ ቀበቶ እንዳይሆን ጻፍኩ። በመጨረሻም፣ ጥይቱ በሙሉ ወጥቶ፣ መውጣቱም ሁለት ጊዜ ታይቶ፣ ባዶውን ሽጉጥ አፎቱ ውስጥ ከትተው እንዲፈትኑት መከርኩ። ፈረንጆቹ ሩጡ፣ ዝለሉ፣ ተንበርከኩ ብለው ይፈትናሉ፤ ይህ ለእነሱ ይበቃል። እኔ ለእኛ ሰው የሚሆን ፈተና ጨመርኩበት፤ እጅ ነሥተው ከወገብዎ ይጎንበሱ፣ ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ይጋጩ፣ የአዛውንት ጉልበት ለመሳም ዝቅ ይበሉ፣ ከዚያም ቀና ሲሉ ሽጉጡ ከቦታው ካልተነቃነቀ አፎቱ የሀበሻ አፎት ነው አልኩ።

ክቡርነትዎ ይህቺን የመጨረሻዋን ምክር በኮሚቴው ፊት ጮክ ብለው አንብበው «ሽጉጥ ልታጠቅ ነው ወይስ እስክስታ ልወርድ?» ብለው አሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ! ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፈው፣ ለሚንገዳገደው የስብሰባ ጠረጴዛ እግር ማስደገፊያ አደረጉት። ጠረጴዛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ምክሬ ቢያንስ አንድ ነገር ከመውደቅ ስላዳነ ደስ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብዬ አውጥቼዋለሁ፤ የጠረጴዛው እግር ምልክት እንዳለበት ፎቶውን አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ሁለተኛ። ከዚያ የመረጡት አፎት ደግሞ! ዋሽንግተን ፔትዎርዝ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰውዬ ደጃፉ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ ያገኙትን፣ ለሌላ ዓይነት ሽጉጥ የተሰፋ፣ አፉ የሰፋ፣ መቆለፊያ የሚባል ያልፈጠረበት፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት ቡኒ ቆዳ ይዘው ብቅ አሉ። ለምን ይህን እንደመረጡ በትሕትና ብጠይቅዎ የሰጡኝ መልስ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ከጫማዎ ጋር ስለሚሄድ ነው። እኔ እንኳ እንዳስብ የተማርኩት ሽጉጥና ቃታን፣ ቀበቶና ወገብን ነበር፤ ጫማን ሳላስገባ የቀረሁት የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽጉጡ እዚያ ውስጥ ሲገባ ሕፃን የአባቱን ኮት የለበሰ ይመስል ነበር። «ይሄ ነገር ይወድቃል፣ ኧረ ይተዉ» ስልዎ፣ ዘጠኝ ዓመት የታጠቅሁትን ሴትዮ፣ አይዞሽ አትፍሪ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በዚሁ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፣ በኅዳር ወር ሲልቨር ስፕሪንግ ለነበረው ሠርግ በመኪናዎ አሳፍረውኝ ስንሄድ የሆነው ነው። ዊልሰን ድልድይ ልንደርስ ስንል ሽጉጡ ወገብዎ ላይ እንዳለ አየሁ። ድልድዩን ከተሻገርን ሜሪላንድ እንደሆነ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ያለ ፈቃድ የታጠቀን ሰው እንደማትምር፣ ሠርጉን ሳይሆን ጣቢያውን እንደምናሞቅ እየጮህኩ ነገርኩዎት፤ እርስዎም «ወንዝ እኮ ነው» አሉኝ። ጭቅጭቁ ጸንቶ ተመልሰን ሽጉጡን ቤትዎ አስቀምጠን ስንደርስ ምግቡ ተነሥቷል። ለተሰበሰበው ሰው የዘገየንበትን ምክንያት ሲያስረዱ የሻሽወርቅ ስትኳኳል አቆየችን አሉ። ከእስር ያዳነችዎትን ሴት ውለታ ስለከፈሉበት መንገድ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ለቅሶው። በየካቲት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ እናታችን ወይዘሮ ብርሃነሽ የወንድማቸውን መርዶ ተረድተው፣ በሚኖሩበት አፓርትመንት የጋራ አዳራሽ፣ ፓርቲ ሩም በሚሉት ውስጥ፣ ተቀምጠን ነበር። ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ተቀምጧል። እርስዎ ገቡ። ሽጉጡ እንዲታይ ኮትዎን ወደኋላ ገለጥ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሰርቅ እግዜር ይወቅ፣ እየተንጎራደዱ እስከ ወይዘሮ ብርሃነሽ ድረስ ሄዱ። ከዚያም በወጉ፣ ባህላችን እንደሚያዘው፣ ጉልበታቸውን ሊስሙ ከወገብዎ ዝቅ አሉ። ስለ አጎነባበስዎ አልወቅስዎትም፣ አጎነባበስዎ የጨዋ ልጅ ነው። ከጨዋው ልጅ ወገብ ላይ ግን ሽጉጡ ሾልኮ ወለሉ ላይ ጓ! አለ፤ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ አፈሙዙን ወደ ወይዘሮ ብርሃነሽ አድርጎ ቆመ።

ለቅሶው ተቋረጠ። ወይዘሮ ብርሃነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ሽጉጡን አይተው፣ እርስዎን አይተው፣ «አምሃ፣ የሞተው እኮ ወንድሜ ነው፤ የኔ ገና ነው» አሉ። ሰው መሳቁን ያስታውሳል፤ ከሳቁ በፊት የሆነውን ግን ብዙ ሰው አላየም፣ እኔ ግን አይቻለሁ። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሶሊ ከአያቷ እግር ሥር ተነሥታ፣ ያ የሚያብለጨልጭ ነገር መጫወቻ መስሏት፣ እጇን ዘርግታ ሁለት እርምጃ ተራምዳለች። ሽጉጡን ጥይት አጉርሰው እንደሚዞሩ ራስዎ በኩራት ነግረውኛል። እንዴት ተነሥቼ እንደደረስኩ አላውቀውም፤ በጫማዬ ረገጥኩት፣ ልጅቷን በአንድ እጄ ወደኋላ መለስኩ፣ አነሣሁት፣ በእጄ መርምሬ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ፓርኪንግ ድረስ አስከትዬዎት ወጥቼ አስረከብኩ።  እርስዎም ተቀብለው መኪናዎ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወረወሩትና ቆሎ ሊበሉ ተመለሱ።

በዚያን ቀን አንድም ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ደንግጠዋል፣ አፍረዋል፣ ነገ ደውለው ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ።

አራተኛ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የእድሩ ቃለ ጉባኤ በኢሜይልም በቫይበርም ለመቶ አርባ ቤት ተበተነ። ተራ ቁጥር አራት ላይ በእርስዎ ፊርማ የሰፈረውን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፤ «የሊቀመንበሩ ሽጉጥ ሊወድቅ የቻለው በሴኪዩሪቲ ሥራ ላይ በተሰማሩ አንዲት አባል ምክር በተመረጠ አፎት ምክንያት ሲሆን፣ በሊቀመንበሩ ልዩ ጥንቃቄ አንዳችም ጉዳት ሳይደርስ ቀርቷል፤ ጉባኤውም ለሊቀመንበሩ ምስጋናውን አቅርቧል።» ይህን ሳነብ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላው መጣ፣ ሄደ። አንዲት አባል! በእድራችን ውስጥ ሴኪዩሪቲ የምትሠራ ሴት ስንት አለች? ስሜን ሳይጠሩ ስሜን ማጥፋት መቻልዎ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ተጎንብሰው ቢሆን ኖሮ ይህኛውም ይወድቅብዎት ነበር።

አቶ አሥራት የእድራችን አባል ናቸው፤ በሥራ ደግሞ የእኔ ሱፐርቫይዘር ናቸው፤ ሚያዝያ ላይ ማን እንደሚያስተምር የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። ቃለ ጉባኤውን ባነበቡ በማግስቱ ጠሩኝና፣ እሳቸው እንደሚያውቁኝ፣ ነገር ግን ያልሆነ አፎት መርጣ ሰው ልታስጨርስ ነበር የተባለች ሴት አዲስ ሠራተኛ ፊት ቆማ ስለ አፎት ብታስተምር ሰው ምን እንደሚል፣ ነገሩ እስኪበርድ ክላሱን ሌላ ሰው ቢይዘው እንደሚሻል፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ ነገሩኝ። ሊይዘው የታሰበው ሰው በሥራው ላይ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አፎት እንዴት እንደሚመረጥ ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንጀቴ አርሯል፣ አቶ አምሃ። በስድስት ዓመት ያገኘሁትን በአንድ አንቀጽ ወሰዱብኝ፤ እርስዎ ለዚያ አንቀጽ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብዎት ሳስብ እብድ እሆናለሁ።

ደውዬልዎት ነበር፤ አራት ጊዜ። በአምስተኛው አንስተው «አንቺ ደግሞ ነገር ታከርሪያለሽ፣ እድር እኮ ቤተሰብ ነው፣ ሆድሽን ሰፋ አድርጊ» አሉኝ። ሆዴን ሰፋ አድርጌ ነበር፤ ይህን ሁሉ የያዘው የእኔ ሆድ አይደል እንዴ? ከአሁን በኋላ ግን ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ወደ ወረቀት አዛውሬዋለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመጪው እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ አቶ አሥራት ባሉበት፣ ተራ ቁጥር አራት በጽሑፍ እንዲታረም፤ የሻሽወርቅ የመከረችው ሌላ፣ ሊቀመንበሩ የታጠቁት ሌላ እንደነበር በእርስዎ አንደበት እንዲነበብ። አቶ አሥራት ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ስም ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባሉ። እሑድና ሰኞ ተከታትለው መምጣታቸውን እርስዎም እንደሚያውቁ እገምታለሁ። ካልታረመ ደግሞ፣ ሁለቱን ገጽ ምክሬን ለወይዘሮ ብርሃነሽ ሰጥቻቸዋለሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው ከመድረኩ ላይ ሊያነቡት ፈቃደኛ ናቸው፤ የእሳቸውን ንባብ የሚያቋርጥ ወንድ በወንዝ ማዶ እድር ውስጥ እስከ ዛሬ አልተወለደም።

በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ባለጌ እባላለሁ። ጸጥታችንን ለማስከበር ስላደረጉት ጥረት አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ከታጠቁ ወዲህ አንድም መስታወት አልተሰበረም፤ በእርግጥ የአዳራሹ ባለቤት በኅዳር መብራቱን ስላስተከሉ ሊሆንም ይችላል። ለሙያዬ ስላሳዩት ክብር፣ ለትከሻዬ ስለሰጡት መታ መታ፣ ሽጉጥ በወደቀ ጊዜ ሥራ የሚወድቀው ከማን ላይ እንደሆነ ስላስተማሩኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ሌላ አፎት ለመግዛት ካሰቡም በሬ ክፍት ነው፤ ይህን ጊዜ ግን ወረቀቱን ደጋፊ ለሌለው ጠረጴዛ ሳይሆን ለጭንቅላትዎ ይጠቀሙበት።

እግዚአብሔር ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሱሪዎ ጠንካራ ቀበቶ፣ ለእድራችን ደግሞ በቅርብ ምርጫ እንዲሰጥ እየተመኘሁ፣ ካለሁበት ሆኜ እንደ ባህላችን ዝቅ ብዬ፣ ከእኔ ግን ምንም ነገር ሳይወድቅ፣ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት፣ ቂመኛና ደህና አድርጋ የታጠቀች አባልዎ፣

የሻሽወርቅ

ማሳሰቢያ፦ ቃለ ጉባኤው «በሊቀመንበሩ ልዩ ጥንቃቄ» ጉዳት እንዳልደረሰ ስለሚል፣ ታሪክ እንዳይዛባ የሚከተለውን እጨምራለሁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ስሂን ታኅሣሥ ላይ አፓርትመንታችን ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ሳጥብ አግኝታኝ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ራሱንም ሰውንም ይጨርሳል፣ የሽጉጡ ጥይት እንዴት እንደሚራገፍ አሳዪኝ ብላ አለቀሰች። መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ የጎረሰውን ማስተፋት፣ ከዚያ በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ እንደሆነ አስተማርኳት፤ ከእርስዎ ይልቅ ቶሎ ገባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሻወር ሲገቡ ጥይቱን እያወጣች ባዶውን ትመልስልዎታለች፤ ጥይቶቹም ወጥ ቤት ባለው የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ናቸው፣ እርስዎ እንደሆነ ክዳን ከፍተው አያውቁም። ለቅሶው ቀን ረስታው ይሆናል ብዬ ነበር ነፍሴ የወጣችው፤ ሽጉጡን ስመረምረው ባዶ መሆኑን ሳይ ግን ማንም እንዳያይብዎት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሸፈንኩልዎት። ያንን ገመና የሸፈነችልዎትን ሴት ነው በተራ ቁጥር አራት ያዋረዱት። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችው ወይዘሮ ስሂን ራሷ ናት፤ እሑድ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ብረት ታጥቀው ሲንጎራደዱ ከርመዋል፤ የጥንቃቄውን ምስጋና በቃለ ጉባኤው ላይ በማን ስም እንደሚያስተካክሉት አሁን ያውቃሉ።